የእንግዳው ድርሻ፦ የጥንት ክርስቲያኖች መዋጮና የእኛ ሣጥን



በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤያችን ድምፅ ከሚሰጥባቸው ጉዳዮች አንዱ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ መልስ ያልተገኘለት ነው። በሰፈራችን በየግቢው ተከራይተው የሚኖሩ፣ ከኤርትራ፣ ከደቡብ ሱዳንና ከየመን ተሰደው የመጡ ሴቶች አሉ። አብዛኞቹ በዚህ ከተማ ዘመድ የላቸውም፤ ዕድርም የላቸውም። ሲወልዱ የሚያርሳቸው፣ ሲታመሙ የሚጠይቃቸው፣ ሐዘን ሲደርስባቸው ንፍሮ ቀቅሎ የሚመጣው በአጋጣሚ አጠገባቸው ያለ ጎረቤት ነው። ከእነርሱ መካከል ጥቂቶቹ በአባሎቻችን በኩል ርዳታ ጠይቀዋል። ደንባችን ደግሞ ከሣጥኑ ገንዘብ የሚከፈለው የስድስት ወር መዋጮዋን ላጠናቀቀች አባል ብቻ ነው ይላል።

እኛ የሒሳብ ክፍሉ ሰዎች መጀመሪያ የቀረበልን ጥያቄ «ገንዘቡ ይበቃል ወይ?» የሚል ነበር፤ መልሱን በሪፖርታችን አቅርበናል። በስብሰባው ላይ ግን ከሒሳብ ያለፈ ጥያቄ ተነሣ። አንዳንድ እናቶች «እንግዳ መቀበል የክርስትናችን ትእዛዝ ነው፤ ምን ያጠያይቃል?» አሉ። ሌሎች ደግሞ «ትእዛዙ ለእያንዳንዳችን ቤት ነው፤ የማኅበሩ ገንዘብ ግን የመበለቶችና የሙት ልጆች አደራ ነው» አሉ። ሁለቱም ወገን የተናገረው ከልቡ ነው፤ ሁለቱም እውነት አለው።

ስለዚህ ታሪክ ማገላበጥ አስፈለገን። በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት የነበሩ ክርስቲያኖች እንደ እኛ በየወሩ የሚያዋጡ፣ መበለቶቻቸውን የሚጦሩ፣ ሙታናቸውን የሚቀብሩ ሰዎች ነበሩ። ይህ ጥያቄ እነርሱን ገጥሟቸው ነበር ወይ? ምንስ አደረጉ? ያገኘነውን ከዚህ በታች አቅርበናል። የውጭው ታሪክ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የሮማውያን «ዕድር»

ብዙ ሰው ዕድርን በእኛ አገር ብቻ ያለ ነገር አድርጎ ያስባል። በሮም አቅራቢያ ላኑቪየም በምትባል ከተማ ግን በ136 ዓ.ም. በእብነ በረድ ላይ የተቀረጸ የአንድ ማኅበር ደንብ ተገኝቷል። አባላቱ የጊዜውን አማልክት የሚያመልኩ ተራ ሰዎች ነበሩ፤ በመካከላቸው ባሮችም ነበሩበት። ደንቡን ያነበበ ሰው የራሱን ዕድር ደንብ ያነበበ ይመስለዋል። መግቢያው 100 ሴስተርስ የሚባል ገንዘብና አንድ እንስራ ጥሩ የወይን ጠጅ ነው። ወርኃዊ መዋጮው አስ የሚባለው ሳንቲም አምስት ነው። አባል ሲሞት ለቀብሩ 300 ሴስተርስ ይወጣል፤ ከዚህ ውስጥ 50ው በቀብሩ ላይ ለተገኙት ይከፋፈላል። አባሉ ከከተማው ከ20 ማይል በላይ ርቆ ከሞተ ሦስት ሰዎች ተመርጠው ሄደው ያስቀብሩታል። መዋጮውን በተከታታይ ወራት ሳይከፍል የሞተ ግን ከማኅበሩ የሚያገኘው ነገር የለም።

እኛ ይህን በሒሳብ አስልተነዋል። አንድ ሴስተርስ አራት አስ ስለሆነ አንድ አባል በዓመት የሚያዋጣው 15 ሴስተርስ ነው። ስለዚህ መግቢያውን ትተን ብናሰላው፣ ለአንድ ቀብር የሚወጣው ገንዘብ የአንድ ሰው የ20 ዓመት መዋጮ ያህላል። እንዲህ ያለ ሣጥን ያልከፈለውን ሁሉ ልቅበር ቢል በአጭር ጊዜ ባዶ ይሆናል። ደንቡ የጠበቀው ድሆች ያጠራቀሙትን ጥቂት ገንዘብ እንዳያጡ በመፍራት ነበር። የእኛም ደንብ የተጻፈው በዚሁ ምክንያት ነውና ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

ሣጥኑን ለእንግዳ የከፈቱት

ክርስቲያኖች በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር ሲያዋጡ ከእነዚህ ማኅበራት ብዙ ወስደዋል። በአንድ ነገር ግን ተለይተዋል።

በሁለተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሮም የነበረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ የእሑድን ጉባኤ ሥርዓት ጽፎልናል። ከጸሎቱና ከቁርባኑ በኋላ አቅም ያለው በፈቃዱ የወደደውን ይሰጣል፤ የተሰበሰበውም በጉባኤው መሪ እጅ ይቀመጣል። መሪው በዚያ ገንዘብ የሚረዳቸውን ሲዘረዝር ሙት ልጆችን፣ መበለቶችን፣ ሕሙማንን፣ እስረኞችንና በከተማው በእንግድነት የሚኖሩትን ይጠቅሳል። እንግዳው በዝርዝሩ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው ማለት ነው።

በሰሜን አፍሪካ በቅርጣግና ይኖር የነበረው ጠርጡልያኖስ በ197 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው የመከላከያ መጽሐፍ ደግሞ ሣጥኑን ራሱን ይገልጸዋል። እያንዳንዱ በወር አንድ ቀን፣ ከፈለገና ከቻለ ብቻ፣ ጥቂት ሳንቲም ያስገባል። ገንዘቡ ለግብዣና ለመጠጥ አይውልም። ድሆችን ለማብላትና ለመቅበር፣ ወላጅ ለሌላቸው ልጆች፣ ላረጁ አገልጋዮች፣ መርከብ ተሰብሮባቸው ባዶ እጃቸውን ለቀሩ ሰዎች ይወጣል። መርከብ የተሰበረበት ሰው በማያውቀው አገር ዳርቻ ላይ የወደቀ ነው፤ ዛሬ በጀልባ ተሻግረው ንብረታቸውን ሁሉ ባሕር ላይ ትተው የመጡትን የየመን እናቶች ያስታውሰናል።

ከላኑቪየሙ ደንብ ጋር ስናነጻጽረው ወርኃዊው መዋጮ አንድ ነው፤ ቀብሩም አንድ ነው። የተለየው የክፍያው መመዘኛ ነው። በላኑቪየም «ከፍሏል ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። በክርስቲያኖቹ ዘንድ «ቸግሮታል ወይ?» ይባላል። ይህ ለውጥ የመጣው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጌታ ራሱን ከተራበው፣ ከታረዘው፣ ከታሰረውና ከእንግዳው ጋር አንድ ስላደረገ ነው። እንግዳውን ያልተቀበለ እርሱን እንዳልተቀበለ ይቆጠርበታል።

የቆጵርያኖስ ሁለት መዝገብ

ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን «ገንዘቡ ቢያልቅስ?» የሚለውን የእናቶቻችንን ስጋት አይመልስም። መልሱን ያገኘነው የቅርጣግና ጳጳስ ከነበረው ከቆጵርያኖስ ደብዳቤዎች ውስጥ ነው።

በ250 ዓ.ም. ንጉሥ ዴክዮስ (በእኛ መጻሕፍት ዳኬዎስ) በክርስቲያኖች ላይ ስደት ባነሣ ጊዜ ቆጵርያኖስ ከከተማው ወጥቶ ተሸሸገ። ከተሸሸገበት ሆኖ ለካህናቱ በጻፈው አንድ አጭር ደብዳቤ መበለቶችን፣ ሕሙማንንና ድሆችን እንዳይረሱ አደራ ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ስለ እንግዶች ለብቻ ይናገራል። ችግረኛ እንግዶች ቢኖሩ የሚረዱት ከእርሱ የግል ድርሻ እንዲሆን፣ ድርሻውንም ሮጋትያኖስ በሚባል ካህን እጅ እንዳስቀመጠ ይገልጻል። ያም ምናልባት እንዳያልቅ በመስጋት በሌላ አገልጋይ እጅ ተጨማሪ ገንዘብ መላኩን ያስታውቃል።

ለሒሳብ ሰው ይህ ደብዳቤ ብዙ ይናገራል። ለእንግዳ የሚውለው ገንዘብ ከመበለቶቹ ገንዘብ አልተቀላቀለም። ምንጩ የታወቀ ነው። የሚይዘው ሰው በስሙ ተጠርቷል። ሊያልቅ ሲልም ከመበለቶቹ አልተወሰደም፤ ሌላ ተጨመረበት። ስደትና መሸሸግ ባለበት ጊዜ፣ ካህናቱ ራሳቸው ነገ የት እንደሚውሉ በማያውቁበት ሰዓት የእንግዳው ድርሻ አልተረሳም።

ይኸው ቆጵርያኖስ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በኑሚድያ አካባቢ ወራሪዎች የማረኳቸውን ሰዎች ለማስለቀቅ ከምእመናኑ 100,000 ሴስተርስ ሰብስቦ ልኳል። ከገንዘቡ ጋር የሰጡትን ሰዎች የስም ዝርዝር አያይዟል፤ ተቀባዮቹ በጸሎታቸው እንዲያስቧቸው ብሎ ነው። ደጋፊዎቻችን በየዓመቱ የምንልክላችሁ ሪፖርት እንዲህ ያለ ረጅም ዕድሜ ያለው ልማድ ነው። በቅርጣግና ወረርሽኝ በገባ ጊዜም ሕዝቡ የሚያስታምመው የራሱን ወገን ብቻ እንዳይሆን ጳጳሱ እንዳስተማረ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ዲያቆን መስክሯል።

በመዝገብ የሰፈሩት ስሞች

ጥንታውያኑ ርኅራኄን በስሜት ብቻ አልተዉትም፤ ጽፈው ይይዙ ነበር። የሮም ጳጳስ ቆርኔሌዎስ በ251 ዓ.ም. ገደማ በጻፈው ደብዳቤ የቤተ ክርስቲያኒቱን አገልጋዮች ይቆጥራል፤ 46 ቀሳውስት፣ 7 ዲያቆናት፣ 7 ንፍቀ ዲያቆናት እያለ ይሄድና ከ1,500 የሚበልጡ መበለቶችና ችግረኞች በቤተ ክርስቲያን እንደሚጦሩ ይናገራል። ይህ የሆነው ክርስትና ገና በሕግ ባልተፈቀደበት ዘመን ነው።

ዮሐንስ አፈወርቅ በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በአንጾኪያ ሲሰብክ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ በየቀኑ የምትመግባቸው መበለቶችና ደናግል 3,000 እንደሚደርሱ ገልጿል። በእንግዳ ማረፊያው ያሉት፣ በእስር ቤት ያሉትና ሕሙማኑ ከዚህ ቁጥር ውጪ ናቸው። የገቢዋን መጠን ሲናገር ደግሞ ከባለጸጎቹ መካከል የመጨረሻው ደረጃ ላይ ያለ የአንድ ሰው ሀብት ያህል ብቻ ነው ይላል። ሒሳቡን ለሕዝቡ የነገራቸው ለማሳፈር ነበር። የአንድ መጠነኛ ባለጸጋ ያህል ገቢ ይህን ሁሉ ሕዝብ ከመገበ፣ ሌሎቹ ባለጸጎች ቢጨመሩ በከተማው ድሃ ባልቀረም ነበር ማለቱ ነው።

አፈወርቅ ከዚህም አልፎ አንድ ነገር ይጠይቃል። ሕዝቡ «ቤተ ክርስቲያን የእንግዳ ማረፊያ አላት፤ እኛ ምን አስጨነቀን?» ይሉት ነበር። እርሱም ሌላው ቢጸልይ አንተ መጸለይ ይቀርልሃል ወይ በሚል አነጋገር መልሶ፣ እያንዳንዱ በቤቱ ለእንግዳ የሚሆን አንዲት ክፍል እንዲያዘጋጅ ይመክራል። በእኛም ስብሰባ «ትእዛዙ ለእያንዳንዱ ቤት ነው» ያሉት እናቶች ከአፈወርቅ ጋር ይስማማሉ። አፈወርቅ ግን የቤቱን አስቦ የማኅበሩን ማረፊያ አልዘጋም፤ ሁለቱም አብረው እንዲሄዱ ነው የፈለገው።

አንድ ጎድጓዳ ሰሃን ምግብ ምን አመጣ?

በቤተ ክርስቲያናችን ስሙ የሚጠራው አባ ጳኵሚስ በግብጽ የተወለደው ከአረማውያን ቤተሰብ ነበር። በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወጣት ሳለ በግዴታ ለጦር ሠራዊት ተይዞ፣ ከሌሎች ምልምሎች ጋር በዓባይ በጀልባ ተጉዞ በቴብስ ታሰረ። ማታ ላይ የማያውቃቸው የከተማው ሰዎች ምግብ ይዘው መጥተው አበሏቸው። እነማን እንደሆኑ ቢጠይቅ ክርስቲያኖች መሆናቸውን፣ ለእንግዳም ለማንም ሰው መልካም እንደሚያደርጉ ነገሩት። ከሠራዊቱ ሲለቀቅ ተጠመቀ፤ ከዚያም በኋላ የገዳማት የማኅበር ኑሮ አባት ሆነ። የጻፈው የገዳም ሥርዓት ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ የእኛንም መነኮሳት አስተምሯል። እነዚያ የቴብስ ሰዎች ማንን እያበሉ እንደነበር አያውቁም ነበር።

የክርስቲያኖች ደግነት ጠላቶቻቸውንም አስጨንቋል። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ቅዱስ መርቆሬዎስ በፈረስ ሆኖ በጦር ሲወጋው የምናየው ዑልያኖስ ከሐዲ፣ ክርስትናን ትቶ የጣዖታቱን አምልኮ ለመመለስ የሞከረ ንጉሥ ነው። በ362 ዓ.ም. ገደማ ለአንድ የጣዖት ሊቀ ካህናት በጻፈው ደብዳቤ፣ የክርስቲያኖች እምነት የተስፋፋው ለእንግዳ ባላቸው ደግነትና ሙታንን በመቅበር ጥንቃቄያቸው እንደሆነ ያማርራል። የራሳቸውን ድሆች መርዳት ሳያንሳቸው የእኛንም ይረዳሉ፣ ይህ ለእኛ ነውር ነው ይላል። ከዚያም በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ እንዲሠራ አዝዞ ለገላትያ አገር በዓመት 30,000 ቁና ያህል እህል መደበ፤ አብዛኛውም ለእንግዶችና ለለማኞች እንዲውል ወሰነ። ክርስቲያኖችን የሚጠላ ሰው ስለ እነርሱ የሰጠው ምስክርነት ከወዳጅ ምስክርነት ይበልጣል። ከጠቀሳቸው ነገሮች ሁለቱ እንግዳ መቀበልና ሙታንን መቅበር መሆናቸውን ልብ እንበል፤ እኛ በጉባኤያችን የምንነጋገረው ስለ እነዚሁ ሁለቱ ነው።

ሥራውን የሠሩት ሴቶች

ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ መጨረሻ ፌቤን የምትባል ሴትን ያስተዋውቃል። የቆሮንቶስ ወደብ በሆነችው በክንክራኦስ ባለችው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበረች፤ ለብዙዎችና ለራሱም ለጳውሎስ ደጋፊ እንደነበረች ይመሰክርላታል። ወደብ መንገደኛ የሚበዛበት ቦታ ነው። አሁን ደግሞ እርሷ ራሷ እንግዳ ሆና ወደ ሮም ስለምትሄድ እንዲቀበሏት ይለምናል። ስትቀበል የኖረች ሴት ተቀባይ ፈላጊ የምትሆንበት ቀን ይመጣል።

በ368 እና በ369 ዓ.ም. በቀጰዶቅያ ጽኑ ረሃብ ሆነ። ከዚያ በኋላ ባስልዮስ በቂሣርያ ዳርቻ ለእንግዶች ማረፊያ፣ ለሕሙማንና ለለምጻሞች መታከሚያ፣ ከሐኪሞችና ከባለሙያዎች መሥሪያ ቤቶች ጋር አሠራ። ብዛቱ አዲስ ከተማ አሰኝቶታል። አንዳንዶች በአገረ ገዢው ዘንድ ሲከሱት፣ ለእንግዳ ማረፊያ በመሥራታችን የምንጎዳው ማን ነው ብሎ ጽፏል። ባስልዮስን ሁሉ ያውቀዋል፤ ታላቅ እኅቱን ማክሪናን የሚያውቃት ግን ጥቂት ነው። በዚያ ረሃብ ጊዜ በየመንገዱ የወደቁ ልጃገረዶችን አንሥታ ከሴቶች ገዳሟ አስገብታ አሳደገቻቸው። ወንድሟ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በጻፈው ታሪኳ ውስጥ፣ ስትሞት እናታችን እያሉ ካለቀሱት መካከል እነዚህ ልጆች ይገኙበታል።

በሮም የነበረችው ፋቢዮላ ደግሞ ከታላላቅ ቤተሰብ የተወለደች ሴት ናት። ንብረቷን ሸጣ የሕሙማን ቤት አቋቋመች፤ ሌላው የሚጸየፈውን ቁስለኛ በገዛ እጇ ታጥብ እንደነበር ሄሮኒሞስ ጽፏል። በኋላም ከጳማክዮስ ጋር ሆና በሮም ወደብ የእንግዶች ማረፊያ ከፈተች። በ399 ዓ.ም. ስትሞት ሮም በሙሉ ለለቅሶዋ ወጥቷል።

«አጭበርባሪ ቢመጣስ?»

ይህም ስጋት አዲስ አይደለም። ዲዳኬ በሚል ስም የሚታወቀው ጥንታዊ የሥርዓት መጽሐፍ ለመጣው መንገደኛ ሁሉ በር እንዲከፈት ካዘዘ በኋላ ልክ ያበጅለታል። መንገደኛው ሁለት ቀን፣ ካስፈለገም ሦስት ቀን ይቀመጣል። ሊቀመጥ ከፈለገና ሙያ ካለው ይሥራ፤ ሙያ ከሌለው ማኅበሩ አስቦ መላ ይፈልግለት። ሥራ ቢሰጠው የማይወድ ግን በክርስቶስ ስም የሚነግድ ነውና ተጠንቀቁት ይላል። ጥንታውያኑ የዋሆች አልነበሩም። አጭበርባሪ እንደሚኖር አውቀው ደንብ አወጡለት፤ በእርሱ ምክንያት ግን ችግረኛውን አላስወጡም።

ወደ አገራችን ስንመጣ

በዚህ ረገድ ለሌላው የምናስተምረው ታሪክ አለን። በ615 ዓ.ም. በመካ መከራ የጸናባቸው የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ባሕር ተሻግረው ወደ አክሱም መንግሥት መጡ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሌሎች ተከተሉ፤ ወንዶቹ ብቻ ከሰማንያ ይበልጡ ነበር። ታሪኩን በዝርዝር ያቆየችልን ከስደተኞቹ አንዷ የነበረችው ኡሙ ሰለማ ናት። እንደ እርሷ ትረካ፣ ቁረይሾች ለንጉሡና ለመኳንንቱ የቆዳ እጅ መንሻ አስይዘው መልእክተኞች ላኩ፤ ስደተኞቹ ሳይጠየቁ ተላልፈው እንዲሰጡም መኳንንቱን አስማሙ። ክርስቲያኑ ንጉሥ ግን እጄን አምነው የመጡትን ቃላቸውን ሳልሰማ አልሰጥም አለ። ጃዕፈር ስለ ሁሉም ተናገረ። ንጉሡ ሰምቶ ስደተኞቹን በሰላም እንዲኖሩ ፈቀደ፤ እጅ መንሻውንም ለላኪዎቹ መለሰ። እንደ እስልምናው ትውፊት፣ በስደት ላይ ባሏን ያጣችው ኡሙ ሐቢባ ለነቢዩ ስትዳር መህሯን የከፈለው ይኸው ንጉሥ ነው። የማኅበራችን ሙስሊም እኅቶች ይህን ታሪክ ከእኛ በተሻለ ያውቁታል፤ ክርስቲያኖቹም የእኛ ብለን ልንይዘው ይገባል።

እኛም እንግዳ ሆነናል። በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሮሙ ጳጳስ ሲክስቶስ አራተኛ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ኋላ ያለውን የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤት ለኢትዮጵያውያን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ሰጠ። ከደብረ ሊባኖስ የሄዱት አባ ተስፋ ጽዮን በዚያ ተቀምጠው በ1548 እና በ1549 የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን አሳተሙ። በባዕድ አገር የተሰጠ አንድ ማረፊያ ለአገራችን መጽሐፍ አተረፈ። እኛም በተራችን መልሰናል። በ1924 አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በኢየሩሳሌም በአርመን ገዳም ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ወደ አዲስ አበባ አስመጡ። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ሙዚቀኞች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የአገራችንን የሙዚቃ ታሪክ ለውጠዋል፤ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው እርሱ ነው።

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ወርኃ ጽጌ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ መሰደዷን እናስባለን። በረሃቡና በጥሙ እናዝናለን፤ ያስጠጓትን እናመሰግናለን። በአገር ቤትም የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ ቤት ለእንግዳ ሲል፣ ባለቤቱ ቤት የእግዚአብሔር ነው ብሎ ያስገባው ነበር። በየግቢያችን ተከራይታ ያለችው ሴትም የእግዜር እንግዳ ናት።

ወደ ሣጥናችን ስንመለስ

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የአባላት የሞትና የሕመም መጠባበቂያ አሁን ባለበት ይቆይ፤ የስድስት ወሩም ደንብ አይነካ። የላኑቪየም ሰዎች የፈሩትን እኛም እንፈራለን፤ የመበለቶቻችን አደራ ነውና። ደጋፊዎቻችን ለልብስ ስፌት ሥልጠናና ለልጆች ትምህርት የሰጡት ገንዘብም ከተሰጠበት ዓላማ ወደ ሌላ አይዞርም።

ሁለተኛ፣ ቆጵርያኖስ እንዳደረገው «የእንግዳው ድርሻ» የሚባል የተለየ መዝገብ ይከፈት። ገንዘቡ ከመዋጮ በላይ በፈቃድ ከሚሰጥ ይሰብሰብ፤ አምስት ብርም ቢሆን ይበቃል። አንዲት እናት በስሟ ተመርጣ ትያዘው፤ ከሒሳብ ክፍሉ ሌላ ሰው ይቆጣጠረው። በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪው ይነበብ። የተረጂዋ ስም ግን በጉባኤ አይነበብ፤ ችግሯ አደባባይ መውጣት የለበትም።

ሦስተኛ፣ ወሊድና ቀብር ጊዜ አይሰጡምና ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ይረዱ። ድንኳኑና ሰሌኑ አስቀድሞ በእጃችን ነው፤ ለስደተኛዋ ሐዘን ብናውለው ተጨማሪ ወጪው የተሸካሚ ሒሳብ ብቻ ነው። ለሌላው ችግር የሚሰጠው ርዳታ በሦስት ወር ይወሰን። በሦስቱ ወር ውስጥ ሙያ ያላትን ከሥራ ጋር እናገናኝ፤ ሙያ የሌላትን በሥልጠናችን ክፍት ቦታ ሲገኝ እናስገባ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ስደተኞች በሕጉ መሠረት ሠርተው የሚኖሩበትን መንገድ ከፍቷልና ይህ ባዶ ተስፋ አይሆንም።

አራተኛ፣ መዋጮ መክፈል የምትችል ስደተኛ የስደተኛነት መታወቂያዋን ይዛ እንደማንኛችንም አባል ትሁን። ከስድስት ወር በኋላ እርሷ ከሣጥኑ የመጠየቅ መብት ይኖራታል፤ ለሌላዋ እንግዳም እርሷ ታዋጣለች።

ብዙ ጊዜ «መጀመሪያ የራሳችን» ሲባል እንሰማለን። የማክሪና ልጆች ሲሰበሰቡ የሰው ነበሩ፤ ስትሞት እናታችን ያሏት ግን እነርሱ ናቸው። የእኛ የሚባለው ማን እንደሆነ የሚታወቀው በለቅሶ ቀን ማን መጥቶ እንደተቀመጠ በመቁጠር ነው። ጉባኤው በነፃነት ይወያይበት፤ ሐሳቡን የማይደግፉ እናቶችም ሐሳባቸውን በዚሁ መጽሔት እንዲጽፉ እንጋብዛለን። ውሳኔው ምንም ይሁን፣ መዝገቡን በታማኝነት መያዝ የእኛ ድርሻ ነው።

አምላካችን ማኅበራችንን ይጠብቅልን።